ዘመድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ቤተሰብ እንዴት ይጸልይ?

ስልኬ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሲጮህ አሁን አሁን ሳላነሳው አውቀዋለሁ። «እማዬ አይሲዩ ገብታለች። ምን እንጸልይ? ምንስ እናድርግ?» ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። አባቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል 19 ቀን ሲተኙ እኛ ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ስለከረምን፣ ዘመድ ወዳጁ እኔን ባለሙያ አድርጎ ይዞኛል። ባለሙያ አይደለሁም። ካህንም ሐኪምም አይደለሁም። የተሳሳትነውንና የጠቀመንን ግን አስታውሳለሁ። በየስልኩ ከምደጋግመው ብዬ እነሆ ጻፍኩት።

መመሪያው በዋናነት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብን እያሰበ የተጻፈ ነው። ፕሮቴስታንት ወንድም ወይም እህት ላላችሁም የሚሆን ነገር ደረጃ 4 ላይ አለ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን የሚያድረው ሰው ሲቀያየር ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ደብተሩ ይቀራል።
- የታማሚው የክርስትና ስም፣ በግልጽ ተጽፎ።
- የንስሐ አባት ስልክ ቁጥር፣ ቢያንስ 2 ሰው ዘንድ።
- ትንሽ መዝሙረ ዳዊት። ዓይን ሲደክም የስልክ ፊደል አይታይም።
- ጋቢ፣ ፔርሙስ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ የስልክ ቻርጀር።
- መቁጠሪያ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ጣት አለ።

ጧፍና ዕጣን አልጻፍኩም። ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ

በጸሎት መመሪያ ውስጥ ይሄ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። 5 ወንድምና እህት ለየብቻቸው 5 ነርስ ሲጠይቁ 5 ዓይነት ወሬ ይወጣል። «ተሻለው» ያለውና «ተስፋ የለውም አሉኝ» ያለው ኮሪደር ላይ ይጋጫሉ። የተጣላ ቤተሰብ አብሮ ለመጸለይ ይቸገራል። በእኛ ቤት በሦስተኛው ቀን የሆነው ይኸው ነበር፤ ለአንድ ሙሉ ቀን አልተነጋገርንም።

የሚመረጠው የግድ ታላቁ ወይም የተማረው አይደለም። የሚረጋጋውና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚናገረው ይሁን። ዶክተሩ ሲያነጋግር ደብተሩን ይያዝ። 4 ነገር ይጠይቅ፦ ዛሬ ከትናንት ምን ተለወጠ? አሁን በጣም የሚያሰጋው የትኛው ነው? ዛሬ ምን ልታደርጉ ነው? ከእኛ ምን ይፈለጋል? ያልገባውን ቃል «ዶክተር፣ በአማርኛ ቢነግሩኝ» ይበል። ነውር የለውም።

ደረጃ 2፦ የክርስትና ስሙን አጣሩ

ካህን ለታመመ ሰው ሲጸልይ የሚጠራው በክርስትና ስም ነው። ኃይለ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን እያለ። መታወቂያ ላይ ያለውን ስም ብትነግሩት «የክርስትናውስ?» ይላችኋል።

እኛ ሲጠይቁን እርስ በርስ ተያየን። ከአምስታችን የአባታችንን የክርስትና ስም የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ያሉ አክስታችን ተደውሎላቸው በእንቅልፍ ልባቸው ነገሩን። ስለዚህ ዛሬውኑ አክስትን፣ አያትን፣ የክርስትና አባትን ወይም እናትን ጠይቁ። ፈጽሞ ካልተገኘ ጸሎት አይቆምም። እግዚአብሔር በየትኛውም ስም ያውቀዋል። ካህኑን ብቻ «አላገኘነውም» በሉት፤ እሱ መላ አለው።

ስሙ ሲገኝ በየቤተ ክርስቲያኑ ላሉ ዘመዶች ላኩት። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ለሕሙማን ትጸልያለች። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ዘመድ ስሙን ይዞ ይግባ።

ደረጃ 3፦ የንስሐ አባትን ቶሎ ጥሩ

ከሁሉም በላይ የሚዘገይ ደረጃ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ካህን መጥራትን ከሞት ጋር ያያይዘዋል። «ቄስ ሲያይ ይደነግጣል» ይባላል። ስለዚህ ይቆያል፣ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ ታማሚው መናገር በማይችልበት ሰዓት ይጠራሉ።

ለመናዘዝ አፍና ልብ ያስፈልጋል። መተንፈሻ ቱቦ ከገባ በኋላ ሰው መናገር አይችልም። ማስተኛ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ደግሞ አእምሮው ከእናንተ ጋር አይሆንም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ፣ ወይም ዶክተሩ «ቱቦ ልናስገባ እንችላለን» ሲል፣ ያኔውኑ ደውሉ። የያዕቆብ መልእክት 5፥14 የሚያዘውም የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ነው። የታመመ ነው የሚለው። ሊሞት የደረሰ አይልም።

ለታማሚው እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ «አባዬ፣ አባታችን ሊጠይቁዎት ይመጣሉ። ይጸልዩልዎታል።» ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው ታማሚው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

ካህኑ ከመምጣታቸው በፊት የተረኛዋን ሲስተር አስፈቅዱ። ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሰው፣ ጋዋንና ማስክ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ካህኑን በር ላይ ያስቆማል። የቀንዲል ጸሎት (የታመመ ሰው ዘይት የሚቀባበት) በሥርዓቱ ረጅም ነው፤ ብዙ ካህናትም ይካፈሉበታል። ስለ እሱና ስለ ሥጋ ወደሙ ምን እንደሚቻል የሚወስኑት የንስሐ አባት ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ስለሚፈቀደው ደግሞ ሐኪሙ። እናንተ ሁለቱን አገናኙ።

ደረጃ 4፦ አንድ የጋራ ሰዓት ያዙ

ቀኑን ሙሉ እንጸልያለን ያለ ቤተሰብ ማታ ላይ ማንም እንዳልጸለየ ያውቃል። ጭንቀት ትኩረት ይበላል። ስለዚህ ሰዓት ቁረጡ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን ምረጡ። ለእኛ የሠራው ንዋም ነበር፣ የመኝታው ጸሎት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ጠያቂ ሄዷል፤ ሥራ የዋለው ገብቷል።

ውጭ አገር ያሉትን አትርሱ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ዲሲ በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት። በእነሱ አጠራር ሁለት ሰዓትና አንድ ሰዓት። ሪያድና ኩዌት ከእኛ እኩል ናቸው። ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ሥራ ላይ ያለች እህት 15 ደቂቃ መውጣት ባትችል እንኳ ሰዓቱን ማወቋ ብቻ ያግዛታል። «አሁን እየጸለዩ ነው» ትላለች። በባዕድ አገር ብቻዋን ከማልቀስ ይሻላል።

15 ደቂቃው እንዲህ ይሁን፦

ሀ. በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ ከዚያ አባታችን ሆይ።

ለ. አንድ መዝሙር። አንድ ብቻ። ቀስ ብሎ ይነበብ።

ሐ. የዕለቱ ልመና (ደረጃ 5ን ተመልከቱ)።

መ. አንድ ደቂቃ ዝምታ። ይህ ለሚያለቅሰው ነው።

ሠ. «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ። አቅም ካለ 41።

ረ. እመቤታችን ማርያም ሆይ፣ ከዚያ አባታችን ሆይ፣ ማሳረጊያ።

በአንድ ቤት ኦርቶዶክስም ጴንጤም ካለ የታማሚ አልጋ ሥር ክርክር አትጀምሩ። ከሀ እስከ መ ያለው ሁላችሁንም ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንደ ሥርዓቱ ይቀጥል። ጮክ ብሎ የሚጸልይ ወንድም ካለ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይሂድ። ኮሪደሩ የሌሎች ታማሚዎችም ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን በስልክ ስትጸልዩ የምታምታታ። የመዝሙር ቁጥር ይለያያል። በግእዙ ዳዊት 22 የሚባለው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በብዙ ሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች 23 ነው። ከአሥረኛው መዝሙር በኋላ እስከ መጨረሻዎቹ አካባቢ ልዩነቱ በአብዛኛው አንድ ነው። ስለዚህ ቁጥር አትላኩ፤ የመጀመሪያውን መስመር ጻፉላቸው። እኛ ለሁለት ቀን ያህል ግማሾቻችን ሌላ መዝሙር ስናነብ ነበር። አባቴ ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

የትኛውን መዝሙር? በግእዙ ቁጥር ልንገራችሁ፦

- ዜናው በከፋበት ቀን፦ ዳዊት 12፣ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?»። መቆጣት በጸሎት ውስጥ ቦታ እንዳለው ያሳያል።
- ለታማሚው፦ ዳዊት 40። እግዚአብሔር የታመመውን ሰው መኝታ እንደሚያነጥፍለት ይናገራል። አንሶላ ሲቀየር ቆማችሁ ካያችሁ ይህ ቃል ሌላ ነው።
- ለሚያድረው ሰው፦ ዳዊት 120። የሚጠብቅህ አይተኛም አያንቀላፋም ይላል። ስለዚህ አንተ ትንሽ ብታንቀላፋ ችግር የለውም።
- ቃል ሲጠፋ፦ ዳዊት 129፣ ከጥልቅ የሚጠራው።

ደረጃ 5፦ የዛሬን ብቻ ለምኑ፤ ስሙን ጠርታችሁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። «አቤቱ ፈውሰው» ትክክለኛ ልመና ነው። ግን በ19 ቀን ውስጥ ያንኑ ብቻ ስትደጋግሙ፣ ሳይነሳ የመሸ ቀን ሁሉ «አልተሰማንም» ይመስላችኋል። አባታችን ሆይ ራሱ የሚያስተምረን የዕለት እንጀራን ነው። የወሩን አይደለም።

ስለዚህ ደረጃ 1 ላይ የተጻፈውን ደብተር ክፈቱ። ሐኪሙ ያለውን ወደ ልመና ለውጡት፦

- «ኩላሊቱ እየደከመ ነው» ካሉ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ሽንቱ ይውጣ።»
- «ትኩሳቱ አልወረደም» ካሉ፦ «ዛሬ ሌሊት ትኩሳቱን አብርድለት።»
- «ነገ ከቱቦው ልናላቅቀው እንሞክራለን» ካሉ፦ «ነገ ጠዋት ትንፋሽ ስጠው። ለሚሞክሩትም ማስተዋል ስጣቸው።»
- ምንም ለውጥ ከሌለ፦ «ዛሬ ሕመሙ ይቅለልለት። ለእኛም ለአንድ ቀን የሚሆን ጉልበት ስጠን።»

ከ3 አይብለጥ። በማግስቱ ተመልሳችሁ እዩት። የሆነውን አመስግኑ፤ ያልሆነውን እንደገና ጻፉት። በአሥራ አንደኛው ቀን ደብተራችንን ስናገላብጥ፣ ሳናስተውለው ያለፉ 6 ነገሮች አግኝተናል። አባቴ ያን ቀንም ዓይናቸውን አልገለጡም። ሽንታቸው ግን ወጥቶ ነበር፤ ትኩሳቱም ወርዶ ነበር።

ሐኪሙንና ነርሶቹን በዚሁ ልመና ውስጥ ጨምሩ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር የሚለው እግዚአብሔር ስለፈጠረው ነው። ስታከብሩት መጠየቅም ይቀላችኋል።

ቃል ካጣችሁ ይህን እንዳለ ውሰዱት፦

«ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ የጴጥሮስን አማት እጇን ይዘህ አስነሥተሃታል። ዛሬም የአገልጋይህን የ(የክርስትና ስም) እጅ ያዝ። እኛ መግባት በማንችልበት ሰዓት አንተ ከአጠገቡ ነህ። ሐኪሞቹን አበርታ፣ እጃቸውን አቅና። የፈራነውን አንተ ታውቀዋለህ። ይህች ጽዋ ትለፍ ብለን እንለምንሃለን። ፈቃድህንም የምንቀበልበትን ልብ ስጠን። አሜን።»

የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል አትቀይሩ። ጌታ በጌቴሴማኒ መጀመሪያ «ትለፍ» አለ። ከዚያ ነው ፈቃድህ ይሁን ያለው። ያንኑም ቃል ደጋግሞ ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዘለዋል። መለመን እምነት ማጣት ይመስለዋል።

ደረጃ 6፦ አልጋው አጠገብ ስትገቡ

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ስትወጡም እንደዚያው። ጉንፋን ያለበት አይግባ። የደከመ ሰው ላይ የእናንተ ጉንፋን ትልቅ በሽታ ነው።

2. ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትንሿ ልጅዎ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሆስፒታል ነዎት።» ራሱን የሳተ የሚመስል ሰው ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ አልጋው አጠገብ ስለ ሬሳ ሳጥን፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሆስፒታል ሂሳብ አታውሩ።

3. ከመንካታችሁ በፊት የት መንካት እንደሚቻል ነርሷን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እጅ ይቻላል። ገመዶቹን ግን አትነካኩ።

4. አጭር ጸሎት በለሆሳስ። አባታችን ሆይና አንድ ቁጥር ከዳዊት ይበቃል። ሽማግሌ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ጸሎት በለመደው ቋንቋ ይስማ። አባቴ በግእዝ የለመዱትን «አቡነ ዘበሰማያት» ስንልላቸው ከንፈራቸው የተንቀሳቀሰ መስሎን ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ደግመን ደጋግመን አልነው።

5. ሞኒተሩን አትዩ። ይጮኻል፤ ብዙ ጊዜም ታማሚው ስለተንቀሳቀሰ ነው። ነርሷ ካልሮጠች እናንተም አትሩጡ።

6. ማልቀስ ከመጣ ውጡና አልቅሱ። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ዕንባው አይከለከልም፤ ቦታውን ብቻ ምረጡለት።

ደረጃ 7፦ አስታማሚውን አስታምሙ

የአዳር ተራ አውጡና ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ጻፉት። ማንም በተከታታይ ከ2 ሌሊት በላይ አይደር። «እኔ እችላለሁ» የምትለው ታላቅ እህት መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ናት። ኤልያስ በረሃ ላይ ሞቴን ስጠኝ ሲል መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው። አስተኛው፣ አበላው፣ ደግሞ አስተኛው። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው።

ስኳርና ደም ግፊት ያለበት አስታማሚ መድኃኒቱን ይዞ ይምጣ። «ለእሱ ብዬ ሱባኤ ይዣለሁ» ብሎ ምግብ የሚተው ሰው ካለ የንስሐ አባቱን ያማክር። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሁለተኛ በሽተኛ አያስፈልግም።

ደም ከተጠየቀ ተሯሯጡ። ጸልዩልን ብሎ ለሚደውል ጎረምሳ ዘመድ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው። በማርቆስ 2 ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ጣሪያ ነደሉለት። ጌታ ያየው የእነሱን እምነት ነው። የእናንተ ዘመዶችም አንዱ ደም፣ አንዱ ምሳ፣ አንዱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ አንዱ ታክሲ። እያንዳንዱ አንድ ጫፍ ይያዝ።

ማስጠንቀቂያ

እነዚህን እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

*እሳት።* ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ክብሪት ፈጽሞ አይለኮስም። ኦክስጅን እሳትን ያፋፍማል። ትንሽ ብልጭታ አንሶላ ይይዛል። ጧፉን ቤተ ክርስቲያን አብሩለት። ቅባ ቅዱስም ዘይት ነው። ፊት ላይ የኦክስጅን ማስክ ካለ ከመቀባቱ በፊት ነርሷን ጠይቁ።

*ጠበል ማጠጣት።* ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀላፋ ወይም መዋጥ የሚያቅተው ሰው አፍ ውስጥ ማንኛውንም ፈሳሽ አታፍሱ። ወደ ሳንባ ይገባል። ለቀዶ ሕክምና «አይጠጣ» የተባለም ጠብታ አይቅመስ፤ ሲደነዝዝ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ሊመጣና ሊያንቀው ይችላል። ማሽንና ሽቦ ባለበት አልጋ ላይ መርጨትም አደጋ ነው። ጨርቅ ነክሮ ግንባር ማስነካት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

*መድኃኒት ማቋረጥ።* «ጠበሉ ከመድኃኒት ጋር አይሄድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ሁለቱን ማጋጨት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

*ማተብና መስቀል።* ለቀዶ ሕክምና ወይም አንገት ላይ የመድኃኒት ቱቦ ለማስገባት ማተብ እንዲወልቅ ሊጠየቅ ይችላል። ኤምአርአይ ክፍል ደግሞ ብረት መስቀል አይገባም፤ ማሽኑ ብርቱ ማግኔት ነው። ይህን የሃይማኖት ጥቃት አታድርጉት። አውልቃችሁ ያዙት፤ ሲመለስ እሰሩለት። እጁ ላይ ማሰር ይቻል እንደሆነም ጠይቁ።

*ገንዘብ የሚጠይቅ ራእይ።* የሆነ ሰው ደውሎ «ታይቶኛል፣ ይህን ያህል ላኩ፣ ይድናል» ካለ ስልኩን ዝጉ። የጨነቀው ቤተሰብ በቀላሉ ይታለላል። የእኛንም ቤት ሞክረዋል። እናቴ ልትልክ ቦርሳዋን አንስታ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

በድንጋጤ መሳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ከዳነ ቤቴን እሰጣለሁ» ይባላል። መጽሐፈ መክብብ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ስለት የምትሳሉ ከሆነ የምትችሉትን ተሳሉ፦ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ዕጣን፣ ነድያንን ማብላት። ደብተሩ ላይም ጻፉት። ከዳነ በኋላ ማን ምን እንደተሳለ የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ከእናት መደበቅ። «ልቧ አይችልም» ብለን ወይም ውጭ አገር ላለው «ደህና ነው» ብለን እንዋሻለን። ያ ሰው የሚጸልየው ለጉንፋን ነው፤ እናንተ የምትጸልዩት ለነፍስ። ከዚያ አንድ ቀን መርዶ ይሆንበታል፣ እድሜ ልኩንም አይረሳውም። ሁሉንም ዝርዝር መንገር አይጠበቅባችሁም። «ታሟል፣ ከባድ ነው፣ ጸልዩ» በቂ ነው።

ፎቶ መለጠፍ። ቱቦ ያለበት አባት ፎቶ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አይውጣ። ሰው ጸልዩ ለማለት ፊቱ አያስፈልግም። የክርስትና ስሙ ይበቃል።

የጠያቂ አፍ። ይሄ ለምትጠይቁ ሰዎች ነው። «ምን በድሎ ይሆን?» አትበሉ። በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ጌታ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሏቸዋል። «እምነት ቢኖራችሁ ይነሣ ነበር» አትበሉ። ሰውየው በሕይወት እያለ «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው» አትበሉ፤ የሚሰማው እንደ መርዶ ነው። «የእኔ አጎት በዚሁ በሽታ…» ብላችሁም አትጀምሩ። መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ ምን እንበል? «እግዜር ይማራቸው።» ከዚያ ቁጭ በሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስትነሱ ደግሞ «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩኝ» አትበሉ፤ ማንም አይነግራችሁም። «ሐሙስ ማታ እኔ አድራለሁ» በሉ።

ደረጃ 8፦ ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ…» ሲል

አንዳንዴ ዶክተሩ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ያኔ ይገባችኋል። በዚያ ቀን ልመናችሁ ይለወጥ እንጂ አይቁም። «አይጨነቅ፣ አይፍራ፣ ብቻውን አይሁን» ብላችሁ ጸልዩ። የንስሐ አባትን ዳግም ጥሩ። የሚቀር ይቅርታ ካለ አሁን በሉት፤ በጆሮው፦ «ይቅር በሉን። እኛም ይቅር ብለናል። እንወድዎታለን።» የሩቅ ልጅ ካለ ስልኩን በጆሮው አስጠጉለት። ማንም ብቻውን እንዳያድር ተራውን አጥብቁ።

ለመናገርም ለመጸለይም አቅም ካጣችሁ፣ ሮሜ 8፥26 መንፈስ ቅዱስ በማይነገር መቃተት ስለ እኛ ይማልዳል ይላል። እጁን ይዞ መቀመጥም ጸሎት ነው።

ደረጃ 9፦ ከአይሲዩ ሲወጣ

ከአይሲዩ መውጣት መዳን አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በዚያው ቀን ይበተናል፤ ጸሎቱም የአዳር ተራውም ይቆማል። ታማሚው ግን ገና ያን ጊዜ ነው መፍራት የሚጀምረው። ሌሊት ይቃዣል፣ ይቆጣል፣ የማታውቁት ሰው ይመስላል። ይህን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በወጡ ሰዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው። የምሽቱን 3 ሰዓት ጸሎት ቢያንስ ለ2 ሳምንት ቀጥሉት። አሁን እሱም ይኖርበታል። መዝሙሩን ወደ ዳዊት 102 ቀይሩት፣ «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ» ወደሚለው።

ደብተሩን አትጣሉት። የተሳላችሁትን ከእሱ አንብቡና አድርሱ። አባቴ ከወጡ ከወር በኋላ ጠይቀው ሁሉንም አነበብንላቸው። በአንዱ ገጽ ላይ ስለ ሽንት የጸለይነው ሲነበብ ሳቁና «ለዚህም ተጸለየ?» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ደብተሩን ተቀብለው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት።